የጅግጅጋ ምሽትና ሁለቱ ፔርሙሶች

«የምሽት ኢኮኖሚ» የሚለው ሐረግ ሰሞኑን ከስብሰባ አዳራሽ አይጠፋም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በዋና ዋና የኮሪደር መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች ቢያንስ እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት ሆነው እንዲሠሩ በ2017 ዓ.ም. ደንብ አውጥቷል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ብዙው ሱቅ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ መዝጊያውን የሚያወርድባት ከተማ የቀኗን ግማሽ እየጣለች ነው የምትኖረው። አምስተርዳም «የሌሊት ከንቲባ» የሚባል ሹመት አላት፤ ለንደንም እ.ኤ.አ. በ2016 የምሽቱን ኑሮ የሚከታተል ባለሥልጣን ሾማ ነበር። በአውሮፓ የታሪክ ከተሞች ደግሞ ጎብኚን በማታ በየሰፈሩ እያዞሩ፣ እዚህ አንድ ጉርሻ፣ እዚያ አንድ ብርጭቆ ወይን እያስቀመሱ ከተማውን ማስተዋወቅ ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል።

ታዲያ እኔን የከነከነኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወይን የማይጠጣ ከተማ ምሽት የለውም ማለት ነው? መልሱን ስብሰባ ላይ ከምሰማው በእግሬ ልፈልገው ብዬ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጅግጅጋ ሄድኩ።

ከሐረር ጅግጅጋ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቢሌ ላይ መኪናው ሲቆም ኦቾሎኒ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከባሉ። ከዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረበበት የዳካታ ሸለቆ፣ ቀጥሎ ፋፈን፣ በመጨረሻም ካራማራ። ካራማራን ሲያልፉ ድምፁን ዝቅ የማያደርግ ትልቅ ሰው አላየሁም። ጅግጅጋ መስከረም 1970 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን ነው። ከተራራው ወዲያ ሜዳው ዝርግት ብሎ ከተማዋ ብቅ ትላለች። 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ነፋሻ ነው። «በረሃ ነው» ብላችሁ ሹራብ ሳትይዙ እንዳትሄዱ፤ እኔ ሄጄ ቀጥቼበታለሁ።

ጅግጅጋ ትናንት የተቆረቆረች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለችም። በ1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ ዓብደላ ሐሰን ደርቪሾች ያጠቁት የኢትዮጵያ ምሽግ እዚሁ ጉድጓዶቹ አጠገብ ነበር። ዛሬ የምናየውን ቀጥ ቀጥ ብሎ የሚቋረጥ መንገድ ያወጡት ደግሞ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት አገሩን ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኚህ ሰው የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ቴአትር የጻፉና የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ናቸው። ከዚያ ጣሊያን መጣ፣ ቀጥሎም እንግሊዝ ለዓመታት አስተዳደራት፤ የሐውድ ግጦሽ ሙሉ ለሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። ማታ ማታ ሳህን ላይ ይቀርባል።

እንዴት? ከመግሪብ ሶላት በኋላ ውጡና እዩ። ቀን ላይ ፀሐዩ ያባረረው ሰው ሁሉ ይወጣል። ባጃጁ ይጮኻል፣ የፍየል ሥጋ የሚቀቀልበት ቤት እንፋሎቱን በር ላይ ይለቃል። ሩዙ፣ «ባሪስ» የሚሉት፣ በሄልና በቀረፋ ታሽቶ ሙዝ ከጎኑ ይቀመጥለታል። ሙዙን ለማጣጣሚያ መስሎኝ ወደ ጎን ሳደርገው አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳቁብኝ። «ወላል፣ ከሩዙ ጋር ነው እንጂ!» ብለው የራሳቸውን ቆርሰው አሳዩኝ። ፓስታው «ባስቶ» ይባላል፤ ጣሊያን በባሕሩ ዳርቻ ጥሎት የሄደ ነገር ነው። ሩዙ ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ በመርከብ የመጣ ነው። ላሆሁ ደግሞ የእንጀራችን የቅርብ ዘመድ ነው፤ አነስ፣ ሳሳ ያለ፣ ዓይን ያለው።

ከምግብ ቤቱ ወጥቼ ወደ ወተት ሻጮቹ ሄድኩ። የግመል ወተት በጅግጅጋ የሴቶች ንግድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጉርሱም፣ ከባቢሌ፣ ከዙሪያው የአርብቶ አደር ቀበሌዎች ይሰበሰባል። ከአላቢው ተቀብላ የምታመጣ ሴት አለች፣ ከእሷ ተረክባ ከተማ የምትሸጥ ሌላ ሴት አለች፤ ከፊሉ ሐርትሼክን አልፎ ድንበር ይሻገራል። መያዣው በልዩ እንጨት ጭስ ይታጠናል። ጭሱ ጣዕም ብቻ አይደለም፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዘዋል። የግመል ወተት በተፈጥሮውም ከላም ወተት ይልቅ ሳይበላሽ ይቆያል። ሲረጋ «ዳናን» ይሆናል፤ ኮምጠጥ ያለ፣ ሙቀት የሚያበርድ። ወይን የሚያውቅ ሰው ስለ ወይን የሚያወራውን ያህል፣ ጅግጅጋዎች ስለ ወተት ያወራሉ። ግመሏ ምን ቅጠል እንደበላች፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ መያዣው በምን እንጨት እንደታጠነ ከጣዕሙ ይናገራሉ። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ መልስ አገኘሁ። ወይን የሌለው ምሽት ጣዕም የለውም ያለው ማነው?

አንባቢ እንዳይሳሳት፣ ቢራም አለ። ቢራ የሚሸጥባቸው ቤቶች በር ገርበብ አድርገው ይሠራሉ፤ ደንበኞቹም በአብዛኛው የመሀል አገር ልጆች ናቸው። ሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ቢራ ፋብሪካ አላት። ፋብሪካው ራሱ በአንድ ወቅት «ሐረር ሶፊ» የሚባል አልኮል የሌለው መጠጥ ይጠምቅ የነበረው ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። ጫቱም አለ። ከሰዓት በኋላ የጀመረው በርጫ ማታ ሲፈታ ሰው ወደ ሻይ ይወጣል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገሬ የሚጀምረው።

እኔ የሁዳዴን ጾም በሥርዓት በሚጾም ቤት ነው ያደግሁት። በእኛ ቤት የግመል ወተት አይጠጣም፤ የግመል ሥጋ አይነካም። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባለውን ነገር ደግሞ ኢትዮጵያዊ ለሆነ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሠርግ ላይ ሁለት ድስት የሚጣደው፣ ለቅሶ ላይ ሁለት ዳስ የሚጣለው ለዚህ ነው። በማዕድ እንለያያለን። በማዕድ የሚለያይ ሕዝብ ደግሞ በማታ የት ይገናኛል? ቀን በገበያ፣ በቢሮ፣ በትምህርት ቤት ይገናኛል፤ ያ ግዴታ ነው። ማታ ግን ሰው ወዶ ነው አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጠው። የአንድን ከተማ ሰላም ቀን ላይ መለካት ያስቸግራል የምለው ለዚህ ነው።

መንገድ ዳር ዱካ ዘርግታ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥኩ። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ ይመስለኛል። ከፊቷ ሁለት ፔርሙስ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። አስተያየቴን ዓይታ፣ ወይም አማርኛዬን ሰምታ፣ ቀዩን ትታ ሰማያዊውን አነሳች።

«እናቴ፣ ቀዩ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሻህ በግመል ወተት» አለች። «ለእናንተ ይሄ ነው። ወተት የለውም፤ ሄል አለ፣ ቅርንፉድ አለ። ጠጣ አቦ፣ አትፍራ!»

«ማን ነገረሽ እኔ ግመል እንደማልጠጣ?»

ሳቀች። «እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖርኩ? ረቡዕና ዓርብማ ሰማያዊው ነው ቀድሞ የሚያልቀው።»

ይህች ሴት የጾም ቀናችንን ታውቃለች። ማንም ሥልጠና አልሰጣትም፤ «የአብሮነት ፕሮጀክት» አልመጣላትም። ደንበኛዋን ስለምታውቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ከቀዩ ይጠጣል፣ እኔ ከሰማያዊው፤ ስኳሩ አንድ ነው፣ ዱካው አንድ ነው፣ ወሬውም አንድ ነው። የኳስ ወሬ ነበር፤ ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስንከራከር አንድ ሰዓት ሄደ።

ቀጥዬ የጠየቅኳት ነገር ወሬውን ቀዝቀዝ አደረገው። «ሁልጊዜ ሁለት ፔርሙስ ነው የምትይዢው?» አልኳት። ቆየችና «አይደለም» አለች። «ከዚያ ነገር በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። ሰው አልነበረም። ለማን ልቅዳ?»

«ያ ነገር» በጅግጅጋ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ሱቆችና ቤቶች ተዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናትን ጨምሮ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ ፍለጋ ተሰደዱ። የወቅቱ የክልሉ ፕሬዚዳንት አብዲ መሐሙድ ዑመር በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ፣ በነሐሴም ታሰሩ፤ አቶ ሙስጠፌ መሐመድ ዑመር ተተኩ። የተመሠረተው ክስ በ2016 ዓ.ም. ተቋርጦ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ተፈቱ። ስለ ፍትሕ ያለው ክርክር ገና አላለቀም፤ የተጎዳ ሰው ደግሞ በክስ መቋረጥ ቁስሉ አይቋረጥለትም።

ግን አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። ከዚያ በፊት የነበረውን ምሽት «ሰላም ነበር» ብለው የሚያስታውሱ የመሀል አገር ሰዎች አሉ። ለማን ነበር ሰላም የነበረው? ከለውጡ በኋላ የተዘጋው «ጄይል ኦጋዴን» የሚባለው እስር ቤት እዚሁ ጅግጅጋ ነበር፤ ውስጡ ሲሰቃይ የኖረው በአብዛኛው ራሱ ሶማሌው ነው። የሶማሌ እናት ልጇ አምሽቶ ከቀረ የምትጨነቀው ስለ ሌባ አልነበረም። ስለዚህ ምሽቱን ስንፈራ የኖርነው ሁላችንም ነን፤ የፈራነው በየተራ መሆኑ ብቻ ነው የሚለየው። ይህን ሳንነጋገር «የምሽት ኢኮኖሚ» ብንል አምፖል መግዛት ብቻ ነው የሚሆነው።

በማግስቱ ወደ ቶጎ ውጫሌ ወጣሁ። ሰባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን ሲሰሙ የውጫሌ ውል የሚመጣባቸው አሉ፤ ያኛው ውጫሌ ወሎ ነው። ይህኛው «ቶግ» የሚለው ደረቅ ወንዝ ማለት ነው፣ ክረምት ሲመጣ የሚሞላ። ወንዙን ተሻግሮ ያለው ወገን የሶማሌላንድ ነው። ጅግጅጋ ማታ የሚበላው ሩዝ፣ ፓስታ፣ የዱቄት ወተት፣ ዘይት ብዙው ከበርበራ ወደብ በዚህ በኩል ይገባል። ጫቱ፣ ወተቱ፣ ከብቱ በዚህ በኩል ይወጣል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የመግባቢያ ስምምነት ዓለምን ሲያነጋግር፣ እዚህ ያሉት ነጋዴዎች የሚያወሩት ስለ ባሕር ኃይል ሰፈር አልነበረም። «ኬላው ይከፈታል ይዘጋል?» ነበር ወሬው። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ደግሞ የባሪሱ ዋጋ ወዲያው ተሰማው። አንድ ሳህን ሩዝ ላይ የውጭ ጉዳይም የብሔራዊ ባንክም ፖሊሲ አብሮ ይቀርባል የምለው ይህንን ነው።

በመልስ መንገዴ ሐርትሼክን አየሁት። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሐርገይሳን ሲደበድብ ሕዝቡ በእግሩ ወደዚህ ፈለሰ፤ ሐርትሼክ በዓለም ላይ ከነበሩት ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ። ካምፑ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ1983 ዓ.ም. የተከፈተው የቀብሪ በያህ ካምፕ ግን ልጆች ወልዶ የልጅ ልጅ አድርሷል። የዚህ አካባቢ ሰው ስደተኛ ማለት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረም። ጎረቤቱን ያስጠለለ ሕዝብ ነው። በ2010 ክረምት የመሀል አገር ጎረቤቶቻቸውን ቤታቸው የሸሸጉ ሶማሌዎች ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ዜናው ግን የአቃጣዩን ያህል አልዘገበላቸውም።

አሁን ወደ ዛሬው እንመለስ። የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች ደርሷል፤ ጅግጅጋም አንዷ ናት። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛ መሄጃው ተነጥፏል፣ መብራቱ ደምቋል። ይህንን የሚያጣጥል ሰው ጨለማ ውስጥ ከሴት ልጁ ጋር ሄዶ የማያውቅ ነው። ሴቶች በምሽት ደፍረው የሚወጡበት ከተማ መብራት ያለበት ከተማ ነው። ባለፔርሙሷም «መብራቱ ጥሩ ነው፣ ወላሂ» ብላኛለች። ቀጥላ ግን «ድሮ ዛፉ ሥር ነበርኩ። መንገዱ ሲሰፋ ተነሳሁ። እዚህም እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም» አለች።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእኛ የምሽት ኢኮኖሚ ዕቅድ የሚያስበው ስለ ሱቅ፣ ስለ ካፌ፣ ስለ ሆቴል ነው። ፈቃድ ያለው፣ በር ያለው፣ ግብር የሚቆረጥለት። የጅግጅጋን ምሽት የሚያኖረው ግን በር የሌለው ንግድ ነው። ሻይ ሻጯ፣ ወተት ሻጯ፣ ሳምቡሳ ጠባሿ። ዱካዋ ሲነሳ የሚነሳው የእሷ እንጀራ ብቻ አይደለም፤ እኔና ያ ወጣት አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጥንበት ቦታ ነው የሚነሳው። ካፌ ውስጥ ብንሆን ኖሮ አንገናኝም ነበር። እሱ የሚሄድበት ካፌ አለ፣ እኔ የምሄድበት ሌላ አለ። ከመንገድ ዳር ሻይ በስተቀር ሁላችንን አንድ ቦታ የሚያስቀምጥ ማዕድ በዚያች ከተማ አላገኘሁም።

«ታዲያ ሁሉም እንደፈለገ የእግረኛ መንገዱን ይያዘው?» የሚል ይኖራል። አይደለም። እግረኛም መሄጃ ይፈልጋል፤ ወተት አቧራ ላይ መሸጡም ለጤና አደጋ ነው። እኔ የምለው ቦታ ይሰመርላቸው ነው። አዲስ በሚነጠፈው መንገድ ላይ ለባጃጅ ማቆሚያ፣ ለአበባ መትከያ የሚለካው ሜትር ለዱካም ይለካ። ማታ ማታ ከመግሪብ በኋላ የሚፈቀድ፣ ጠዋት የሚጸዳ። የውኃ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት አጠገቡ ይኑር፤ መንገድ ዳር ስድስት ሰዓት የምትቀመጥ ሴት ይህን ለመጠየቅ ታፍራለች እንጂ ትቸገርበታለች። ለወተቱ ማቀዝቀዣ ያለው የጋራ መረከቢያ ቢኖር የሚበላሸው ይቀንሳል። ፈቃዱም በቀላል ክፍያ በስሟ ይሰጣት፤ ነገ «ተነሺ» ስትባል የምታሳየው ወረቀት ይኑራት። ይህ ሁሉ ከአንድ ፏፏቴ ዋጋ አይበልጥም።

ሁለተኛው ነገር ቆጠራ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጅግጅጋ 125,876 ሰው ነበራት። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቆጠራ አልተደረገም፤ ከተማዋ ግን በዓይናችን ፊት ተለጥጣለች። ስንት ሰው እንዳለ ያላወቀ አስተዳደር ስንት ሰው በማታ እንደሚሠራ በምን ያውቃል? ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ዕቅድ ውስጥ ያልገባ ሰው ግሬደር ሲመጣ ነው የሚታየው፣ ያውም እንደ እንቅፋት።

በመጨረሻው ማታ ተሰናብቼ ልሄድ ስል ባለፔርሙሷ ሂሳብ አልቀበልም አለችኝ። «እንግዳ ነህ» አለች። ተከራከርኩ፤ አልሆነም። ለአጠገቤ ሰው ልክፈል ብል እሱም «ሃየ፣ ተወው!» አለኝ። በዚህ መካከል ከዩኒቨርሲቲው የመጡ የሚመስሉ አራት ልጆች መጥተው ተቀመጡ። ሁለቱ እርስ በርስ በአማርኛ፣ ሁለቱ በሶማሊኛ ነው የሚያወሩት። ሳትጠይቃቸው ሁለት ከቀዩ፣ ሁለት ከሰማያዊው ቀዳች።

ለከተማው አስተዳደርም፣ «የምሽት ኢኮኖሚ» ጥናት ለሚያጠኑ ወዳጆቼም አንድ ነገር ላቅርብ። ስንት ሱቅ እስከ ስንት ሰዓት እንደተከፈተ መቁጠራችሁ መልካም ነው። ከእሱ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር ቁጠሩልን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ በጅግጅጋ መንገድ ዳር ሁለት ፔርሙስ ይዘው የተቀመጡ ሴቶች ስንት ናቸው? ቁጥሩ ከጨመረ ከተማዋ ደህና ናት። ሁለተኛው ፔርሙስ ከጠፋ ግን መብራቱ የፈለገውን ያህል ቢደምቅ፣ ቶሎ ብላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።